በካሴት የቀረው መሐላዬ

ይድረስ ደሴ ለሚኖሩት እናቴ ለወይዘሮ ሁሪያ።

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ከብርዱ ጋር ታረቀ? ጣሪያውስ ይህን ክረምት ይችላል? እኔም ምስራም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያጣነው እርስዎን ብቻ ነው። ራዲያ እህቴ፣ ይህን ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው።

ቶላ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሻጭና ገዢ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያጠናል። ሱቅዎ ውስጥ ቴፕ ላስቀምጥ ብሎ ለመነኝ፤ ምን ይጎዳኛል ብዬ ፈቀድኩ። ደንበኞቹን እሱ ራሱ እያስፈቀደ ይቀዳል። እኔ በማግስቱ ቴፑን ረሳሁት።

ከሳምንት በኋላ ከቴፑ ሰምቶ የጻፈውን ይዞ መጣ። በአምስት ቀን ውስጥ «እናቴ ትሙት» ብዬ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ምያለሁ። ልጁ ክፋት የለውም፤ ገርሞት ነው እንጂ፣ «ጋሼ ሙደሲር፣ ወላሂ ካሉ ዋጋው ንቅንቅ አይልም፤ እናቴ ትሙት ካሉ ግን ትንሽ ቆይተው ይቀንሳሉ። ለምንድን ነው?» አለኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። በአላህ ስም በሐሰት መማል እፈራለሁ። ስለዚህ ወላሂን ለእውነቱ አስቀምጬ ለውሸቱ እርስዎን አወጣሁ። እርስዎ ሩቅ ነዎት፣ አይሰሙም።

ጎረቤቴ ጋሼ ጁነዲን፣ «በዚህ ቢሞትማ ሸማ ተራ ውስጥ እናት ያለው ሰው አይገኝም ነበር!» ብለው ሳቁ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ ቶላ ካሴቱን አሰማኝ።

በእርስዎ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት ለልጃቸው ሠርግ በሚገዙት ጋቢ ዋጋ ይከራከሩኛል። «እናቴ ትሙት፣ የገዛሁበት ነው» እላለሁ። ደንግጠው፣ «ተው ልጄ፣ እናትህ ትኑርልህ! ያልከውን እሰጥሃለሁ» ይላሉ። እኔም «ይባርክልዎ» እያልኩ ጋቢውን ሳጥፍ ይሰማል። የዚያን ቀን ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ፤ «ገበያ ደህና፣ ዝናብ የለም» ይላል። የማያውቁዎት ሴት ዕድሜዎን ከገዛ ልጅዎ ገዙ፤ እኔ የጻፍኩት ስለ ዝናብ ነው።

እናቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ከእንግዲህ አልደግመውም ብዬ ልምልልዎ ፈለግሁ፤ የምምልበት አጣሁ። እንዲያው፣ ያለ መሐላ፣ አልደግመውም።

ለራዲያ፣ ለባሏ ለሰላሁዲን፣ ጥርስ አወጣች ላላችሁኝ ለትንሿ ሪሃና፣ ለአጎቴ ለሀምዳንም ሰላምታዬ ይድረስ። ቢቆጡኝም ይቆጡ፤ ብቻ ራዲያ ደህና መሆንዎን ቶሎ ትጻፍልኝ።

ልጅዎ ሙደሲር
መርካቶ፣ ሸማ ተራ
ሰኔ 14 ቀን 1993 ዓ.ም.