ስክሪኑ ላይ ስለቀረው የአባቴ ግማሽ ንግግር

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አንደበትዎም ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሲታጣ እንዴት እንደሚያስቸግር ከአባቴ አይቻለሁና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ እየነዳ ተሳፋሪ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነበር። ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የሚናገረው አልጋው አጠገብ ባኖራችሁለት ታብሌት፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፉትን ቃላት በጣቱ እየነካ ነበር። በዚያም እንኳ የደም ሥሩን ፍለጋ ክንዱን የምትወጋጋውን ነርስ «ቀስ በይ፣ መንገዱ ጠባብ ነው» ብሎ አስቋታል። ስለ ታብሌቱ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና የምር ነው። የቀሩት እነሆ፦

1ኛ. የውጭ አገር እንግዶች በጎበኙን ዕለት፣ ከቢሮዎ ሳይነሡ፣ የሚናገርበት ሰው መኖሩንም ሳይጠይቁ፣ የታብሌቶቹን ሁሉ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ወደ እንግዶቹ ቋንቋ ስለቀየሩልን። ጉብኝቱ እንዳማረ ሰምቻለሁ። በዚያች ደቂቃ እናቴ ሸሚዙን ልታጥብ ወጥታ፣ አባቴ «ለእናትሽ ንገሪያት» ብሎ ቀጣዩን ቃል ሊነካ ጣቱን አንሥቶ ነበር። ቃላቱ ዐይኑ እያየ ተለወጡበት። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

2ኛ. ነርሷ ልትመልሰው ብትሞክር፣ የይለፍ ቃሉ እርስዎ ዘንድ ብቻ እንዲሆን ስላደረጉ። ስልክዎን አላነሡም፤ እንግዳ እያስተናገዱ ስልክ ማንሣት ነውር መሆኑን እኛም እናውቃለን። እስክሪብቶ ባስይዘው ከጣቱ እየወደቀ መጻፍ አልቻለም።

3ኛ. በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ዐረፈ። ለሞቱ እርስዎን አልወቅስም። እናቴ ግን ሳህን እያጠበች ድንገት ዞር ትልና «ምን ንገሪያት አለሽ?» ትለኛለች። አላውቅም ስላት «አስታውሺ እንጂ ልጄ፣ አንቺ እኮ አጠገቡ ነበርሽ» ትላለች። የደበቅኋት ይመስላታል። ከራሴ ፈጥሬ ልነግራት አስቤ ነበር፤ አነጋገሩን ከእኔ ይልቅ እሷ ስለምታውቀው ፈርቼ ተውኩት።

በእንግዶች ፊት ያገኙት ሞገስ እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ለትጋትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እገልጻለሁ።

የሹፌሩ ልጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት የአባቴን ዕቃ ልንረከብ ከእናቴ ጋር ስንመጣ፣ ታብሌቱ ወደ ቋንቋችን ተመልሶ «ስለተፈጠረው መቋረጥ ይቅርታ፤ እባክዎ ካቆሙበት ይቀጥሉ» ይላል። እናቴ አነበበችና ባዶው አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በግድ ነው ወደ ቤት የወሰድኳት። ነገም እንመጣለን ብላለች፤ በፈለጉት ቋንቋ ይሁን፣ የሚቀጥል እንደሌለ እርስዎ ይንገሯት።