አባትሽ የቀመሱት የወይራ ፍሬ

መካነ ኢየሱስ፥ ግንቦት ፳፻፩ ዓ.ም.

ከእናቴ ልጅ ለማልለይሽ ባልንጀራዬ፥

ባሕሩን ተሻግሮ የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ እርሱ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ገበሬው የገብስ ማሳውን እየገለበጠ ነው።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰድኩት። ስለዚህ ወደዚያ ለምትመለስ ልጅ ወረቀቱን ሰጠኋት። ብቻሽን ሆነሽ፥ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ከቤሩት ተመልሼ የምግብ ሱቁን ስከፍት «ሽምብራ ለሚያበቅል አገር ሽምብራ ልትሸጪ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሸጥኩላቸው። የስማዳን ሽምብራ ቀቅዬ፥ ከሰሊጥ ጋር ፈጭቼ፥ ሑሙስ ነው አልኳቸው። እዚያ በዳቦ የምንበላውን ቅመም፥ ዘዕተሩን፥ ከጉና ጦስኝ አወጣሁት። ጣፋጩን ሀላዋና የወይራ ፍሬውን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ሰው «አረብ አገርን በአፋችን አየነው» እያለ ይመጣል። ሴት ልጅ እዚያ የላኩ እናቶች ግን ሌላ ናቸው። ቀምሰው «ልጄ ጠዋት ጠዋት የምትበላው የትኛውን ነው?» ይሉኛል። ከሰው የተረፈውን ቆማ እንደምትበላ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ጥሩ ጥሩውን አሳያቸዋለሁ።

አባትሽ የመጡት በዐቢይ ጾም ነው። በሩ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው «የጾም አለሽ?» አሉኝ። የወይራ ፍሬ በሰሐን አቀረብኩላቸው። የደብረ ዘይቱ ወይራ ፍሬ መሆኑን ስነግራቸው መቋሚያቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «ቤተ ልሔም ለድጓ ትምህርት ከገባሁ ጀምሮ የደብረ ዘይትን ዜማ ስጮህ የኖርኩ ሰው፥ ፍሬው ሲበላ ገና ዛሬ አየሁ?» አሉ። አማትበው ጎረሱት። ጨውም ሆነባቸው፥ መረራቸውም፤ ግን አልተፉትም። «ልጄ ያለችው እንግዲህ ጌታ ከረገጠው ምድር አጠገብ ነው» ብለው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ በዋለ ቁጥር አንዱን ቄስ ወይ አንዱን ደብተራ አስከትለው ይመጡ ነበር። «ልጄ ያለችበትን አገር ቅመሱ» ይሏቸዋል። እንዲህ ነበር የኮሩብሽ፤ ይህን እወቂልኝ።

ፋንቱን ታስታውሻታለሽ፥ ከእኛ ኋላ ቤሩት የመጣችውን። ዘንድሮ ተመልሳለች፤ ከእኔ ማዶ ሱቅ ልትከፍት ታስባለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ የገበያ ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶ፥ አባትሽ ለእንግዶቻቸው ወይራውን ሲያድሉ ገባች። ሳቅ እያለች «መሪጌታ፥ ወይራውን ይተዉት። ልጅዎ እዚያ ሥጋም ትበላለች እኮ፥ ያውም እነሱ ያረዱትን» አለቻቸው። እኔ ዝም በይ ብዬ እጇን ብይዛት መነጨቀችኝ። «ምን እሱ ብቻ! ፀጉሯን እንደነሱ ሸፍና፥ ባሏን ተከትላ ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ። አንገቷ ላይ ማተብ የለም» አለች።

ያኝክ የነበረው ሁሉ አፉን አቆመ። አባትሽ የወይራውን ዘር ከአፋቸው አውጥተው ሰሐኑ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት። መቋሚያቸውን አነሡና ወጡ። ተከትዬ ብጠራቸው አልዞሩም። እኔም እነሱ ያረዱትን እንደበላሁ ልነግራቸው ነበር። አሠሪዎቻችን የሰጡንን ካልበላን ምን ልንበላ ኖሯል?

ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው መጡ፤ ሱቁን ገና ሳልከፍት። «ልጄ ሞታለች» አሉኝ። ልጮህ ስል አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። «ከቤሩት መርዶ መጣልኝ። የነገርሽኝም አንቺ ነሽ» አሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሡ አስረዱኝ። «ልጁ ማተቧን የበጠሰችበት ሰው መቅደስ ቆሞ ድጓ አይመራም። ልጁ የሞተችበት ግን ይመራል» አሉኝ። በሕይወት አለች ብዬ የተነፈስኩ እንደሆነ ደግሞ ይህን ቤት በዐውደ ምሕረት ያወግዙታል፤ ውኃ እንኳ የሚያቀምሰኝ ጎረቤት አላገኝም። እህቴ፥ ፈራሁ፤ ያሉኝን አደረግሁ።

መርዶው በተነገረ ዕለት እናትሽ ጉንጫቸውን በጥፍራቸው ነጩት። የላክሽውን ፎቶ ደረታቸው ላይ አድርገው፥ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

አፈር አላለብስሽ አገሩ ሩቅ ነው፤
ማን ገነዘሽ ልጄ፥ ዓይንሽን ማን ከደነው?

በዚያው ሳምንት ደውለሽ ገበያ እንዴት ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስትስቂ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

አርባሽ በወጣ ጊዜ፥ አንቺ በላክሽው ብር ቆርቆሮ በለበሰው ቤት ውስጥ ተዝካርሽን በላን። ወይፈን ታረደ። ካህናቱ በክርስትና ስምሽ ፍትሐት ደገሙ፤ አባትሽ ዜማውን ሲመሩ ድምፃቸው አልተሰበረም። ፋንቱ ያን ነገር ባወጣችበት ዕለት ሱቄ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተዝካሩ ላይ ነበሩ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን ወይፈኑ የሰባ ነበር፥ ማንም አልተነፈሰም። ፋንቱ ከዘመድ ሁሉ በላይ አለቀሰች፤ «እህቴን!» እያለች። እኔንም አጎረሱኝ፤ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ እናትሽ ብቻቸውን ወደ ሱቁ መጡ። ጠጉራቸውን ተላጭተዋል፥ ጥቁር ለብሰዋል። ቁጭ ካሉ በኋላ የቀረበላቸውን ሁሉ በእጃቸው ገፋ አደረጉትና «እዚያ አገር ጥርስ ላላወጣ ልጅ ምን ያበሉታል?» አሉኝ።

ስለ ሕፃኑ ያጫወትሽኝን ለሰው ተንፍሼ አላውቅም፤ ማርያምን። ሑሙሱን በሞቀ ውኃ አቅጥኜ በኩባያ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና «ለስላሳ ነው፤ ሆዱን አያውከውም» አሉ።

አለመሞትሽን መቼ እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። «ላቀው መርዶ በነገረኝ ሌሊት አንኮራፋ። ላቀው ልጁ ሞታ የሚተኛ ሰው አይደለም» አሉኝ። ባላቸውን በባዶ ስማቸው ሲጠሩ ያን ቀን ገና ሰማሁ። «የሕፃኑንስ?» ብላቸው «በላከችው ፎቶ ፊቷን አይቼ፤ የነፍሰ ጡር ፊት አይጠፋኝም» አሉኝ።

«ታዲያ ፊትዎን ለምን እንዲህ አደረጉት?» አልኩ።

«እኔ ካልነጨሁት ማን ያምናል? ካላመኑ ደግሞ ወንድሞቿ ሊገድሏት ይፈልጓታል» አሉ።

ለመስቀል እመጣለሁ ማለትሽን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ይህን አሉኝ፤ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ፦ «እንዳትመጣ በያት። ከመጣች አባቷን ውሸታም ታደርገዋለች፤ ላቀው ደግሞ ውሸታም ተብሎ ከሚኖር ገድሏት ንስሐ ቢገባ ይመርጣል። እኔ አንድ ጊዜ አልቅሼላታለሁ። ሁለተኛ እንዳታስለቅሰኝ።»

አምላክ በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይሽ። በእጅሽ ያለውን እህል ይባርክልሽ፤ አንቺንም፥ ስሙን በወረቀት የማላሰፍረውንም ይጠብቅልሽ። መልስ አትጻፊ።

ባልንጀራሽ ነኝ