ክር ያሰርሽባት ጎመን

አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ዱባችን ከድቷል። ውኃ ያጠጣሁት እኔ፣ ፍግ ያለበስኩት እኔ፤ እሱ ግን አጥር ተሻግሮ ጎረቤታችን መሪጌታው ግቢ ገብቶ አፈራ። ሰቆጣ ላይ ሰሞኑን ከዚህ የከበደ ወሬ የለም።

እንዴት ነሽ ዘነብዬ፣ የልጆቼ እናት? ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጉልበቴ ዳገቱን ጠልቷል፤ ምላሴ ግን ደኅና ነው፣ ሥጋት አይግባሽ። የልጅ ልጃችን ሰብለ አስተማሪ ሆና ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሽሮ ብቻ ስበላ አይታ "አባባ፣ ኧረ ሳይደርቁ!" አለችና የሰፈሩ የጓሮ አትክልት ማኅበር አስገባችኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከአንዱ አባል ጓሮ እንሰበሰባለን፤ ባለጓሮው ያበቀለውን አብስሎ ያበላናል። አንድ ሕግ አለን። ባለጓሮው ተነሥቶ ዘሩን ማን እንደሰጠው ሳይናገር፣ ሰጪውንም ሳይመርቅ፣ እጅ ወደ ገበታ አይዘረጋም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በየዓመቱ ከጎመኖቹ የምታምረዋን መርጠሽ፣ ከነጠላሽ ጥለት የመዘዝሽውን ቀይ ክር ታስሪባት ነበር። ለዘር ናት፣ አትነካም ማለትሽ ነው። አንቺ በሄድሽ በመጀመሪያው ሁዳዴ ሌላው አለቀና እሷ ብቻ ቀረች። ሦስት ቀን ዞርኳት። በአራተኛው ክሩን ፈትቼ ከነአበባዋ ቆርጬ ቀቀልኳት። ዘርሽ ከቤታችን ጠፋ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ክሩን ግን አልጣልኩትም፤ ዳዊቴ መሐል አለ።

ከዚያ በሐምሌ የመሪጌታው ተራ ደረሰ። ገበታው ሲቀርብ ጎመን ነው። ጓሮው ውስጥ የቆመውን ሳየው ደነገጥኩ፤ ቅጠሉ ጠርዙ ጥቅልል ያለ፣ አንጓው ሐምራዊ። ያንቺው ጎመን! መሪጌታው ተነሣና በዚያ በቅዳሴ ድምፁ፣ "ዘሩን የሰጠችኝ ዘነቡ ናት፤ ነፍሷን ይማር" አለ። ማኅበሩ ሁሉ "ይማር!" እኔ ባልሽ፣ ዕድሜዬን ካንቺ ጋር የፈጀሁት፣ ከሰው ገበታ ላይ ሰማሁት።

ዘነብ፣ ቀናሁ። በልጅነታችን ሠርግ ቤት ስትጨፍሪ እንኳ እንዲህ አልቀናሁም። መቼ ሰጠሽው? በምን ጨርቅ ቋጥረሽ? በበሩ ነው በአጥሩ? ዱባው መንገዱን ከማን እንደተማረ አሁን ገባኝ!

ጎመኑ ደግሞ መራራ ነበር። ያንቺ እጅ ሲለየው ጠባዩ ተበላሽቷል፤ ሰዎቹ ለይሉኝታ ዋጡት እንጂ። እኔ አንድ ጉርሻ ቀምሼ ተውኩት።

ሰው ሲበተን ወደ ኋላ ቀረሁና፣ "መሪጌታ፣ የሰው ሚስት ስጦታ የሚቀበሉት በየትኛው ሥርዓት ነው?" አልኩት። ሳቀብኝ። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ልታጽናኚው ሄደሽ እንደሰጠሽው ነገረኝ። ያልሽውንም አልደበቀኝም፦ "ባለቤቴን አውቀዋለሁ። እኔ ከሌለሁ ክሯን ፈትቶ ይበላታል። ዘሯ እርስዎ ዘንድ ትቆይልኝ፤ ሲጠይቅዎ ይስጡት፣ ሳይጠይቅ ግን እንዳይሰጡት።" መሪጌታውም ይኸን ሁሉ ጊዜ እስክጠይቅ ይጠብቀኛል!

ምን ልበል? ሞተሽም ትቀድሚኛለሽ። ገመናዬን ለእሱ መንገርሽ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር? ብቻ ጠየቅሁት። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እንደ ተማሪ እየተንተባተብኩ ጠየቅሁት። ከቅሉ በአመድ የታሸ አንድ ጭብጥ ዘር ሰጠኝ።

ዘሩ በቅሏል። የምታምረዋን መርጬ፣ ክርሽን ከዳዊቴ አውጥቼ አስሬባታለሁ። ሁዳዴ ቢገባ፣ ሽሮው ቢያልቅ፣ አልፈታትም። ተራዬ ሲደርስ በሕጉ መሪጌታውን መመረቅ አለብኝ፤ እመርቀዋለሁ፣ አጠር አድርጌ። ከዚያ ያንቺን ስም አጥር ተሻግሮ እስኪሰማ ረዘም አድርጌ እጠራለሁ። በየዓመቱ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ።

አንድ ነገር ግን ይቅር በይኝ፤ ለሙት አይዋሽም። ጎመኑ መራራ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁት። ዓይኔ ሲያነባ ቃሪያው ነው አልኳቸው።