የወይዘሮ የብርጓል አገኘሁ የሕይወት ታሪክና ለልጃቸው የሣሉት የዝይ መጽሐፍ

ወይዘሮ የብርጓል ከአባታቸው ከአቶ አገኘሁ ገብረ መስቀል፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን በ1928 ዓ.ም. እንፍራንዝ ተወለዱ። ጎንደር ተምረው በ1950 ባሕር ዳር በመምህርነት ተቀጠሩ። በ1952 መካኒኩን አቶ ዳኘው አዘዘን አግብተው በዓመቱ ፀሐይወርቅን ወለዱ። አቶ ዳኘው በ1959 በሕመም ስላረፉ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ።

ፀሐይወርቅ በስምንት ዓመቷ ከጣና ዳር ክንፏ የተሰበረ ዝይ አንሥታ አመጣች። ዝይዋ ከዳነች በኋላም ትምህርት ቤት ድረስ ትከተላት ነበር። እናቷ የሁለቱን ወዳጅነት በዐሥራ አራት ገጽ ሥለው፣ በክር ሰፍተው ሰጧት። ልጅቱም «እማዬ፣ ዝይዋን እንዲህ አወፍረሽ እኔን እንጨት ታደርጊኝ?» እያለች ታስቃቸው ነበር።

በ1970 ጥር ወር ፀሐይወርቅ ከቤት ተወሰደች። ስንቅ ማቀበል እንጂ ማየትም ደብዳቤ መላክም አይፈቀድም ነበር። ወይዘሮ የብርጓል በየሳምንቱ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ እየፈቱ ዳቦውን ጠቀለሉበት። ዕቃው ያለ ወረቀቱ ሲመለስ «ይዛዋለች፤ አለች» ብለው ሳምንቱን ይገፉ ነበር። ዐሥር ገጽ እንዲሁ እዚያው ቀረ። በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ዳቦው ሳይቆረስ ከነሥዕሉ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው ዘበኛው።

«የት ወሰዳችኋት?»

«እኔ ምን ዐውቄ! ይሂዱ በቃ፣ ሰው ያየናል።»

ጎንደርም ደብረ ማርቆስም ሄደው ጠየቁ፤ ስሟን የሚያውቅ አልተገኘም። በሦስተኛው ዓመት ወንድማቸው ቄስ መርስዔ ኀዘን «የብርጓል፣ እርምሽን አውጪ እንጂ» ቢሏቸው፣ «መርዶ ነጋሪው ማን ነው? አንተ ነህ?» ብለው ተነሥተው ወጡ። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ጥቁር አልለበሱም። ከሰው ለቅሶ ግን አንድም ቀን አልቀሩም።

በ1977 የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽሐፉን ለተማሪዎች ለማባዛት አስበው የጎደሉትን ገጾች መልሰው እንዲሥሉ ለመኗቸው። እሳቸውም ወረቀትና ቀለም ይዘው ሦስት ቀን ተቀመጡ። በመጨረሻ «የያዘችው እሷ ናት፤ እስክታመጣው ጠብቁ» ብለው ቀለሙን መለሱ።

ኩላሊታቸውን ታመው ከተኙ በኋላ አንድ አደራ ብቻ ሰጡ፦ «የሕይወት ታሪኬን ስትጽፉ ልጄን ከሞቱት ጋር እንዳትቆጥሩብኝ።» ጥር 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቤተሰቡ በዚህ ነገር ብዙ መከረ፤ አደራ ነውና ጠበቀ። ወይዘሮ የብርጓል የአንዲት ሴት ልጅ እናት ናቸው። ከኋላቸው ወንድማቸው ቄስ መርስዔ ኀዘን አገኘሁና ልጃቸው ፀሐይወርቅ ዳኘው ቀርተዋል። ፀሐይወርቅ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።

አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ በር በር ሲያዩ ለኖሩት ዐይኖቻቸውም ዕረፍት ይስጥልን። አሜን።