ኮሌታዬ ላይ የቀረው ስፒል

ድንቡሼዬ፣ እንዴት ነሽ? የእህቴን ልጅ ቬሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ አደረስኩት! የአየር ማረፊያው ፍተሻ ግን ነፍሴን ሊያወጣት ነበር። ሰልፉ ይጠማዘዛል እንጂ አያልቅም። «ከሻንጣው ጋር ይጫን» ቢሉኝ፣ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ረጅም መጋረጃ ስንቀመቅም እንደምናደርገው፣ መጨረሻውን ማየት ትቼ ፊቴ ያለችውን ስንዝር ብቻ እያየሁ ተራመድኩ። «ነገ ተመለሺ» እያልን የምናመላልሳት ደንበኛ ምን እንደሚሰማት አሁን ገባኝ።

ተራዬ ደርሶ በመፈተሻው በር ሳልፍ ጮኸብኝ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ጮኸ። ጌጤን ሁሉ አወለቅኩ፣ አሁንም ጮኸ። ፈታሿ ኮሌታዬን ገልበጥ ብታደርገው ስፒል በስፒል! ለካ ከሱቅ በቀጥታ የወጣሁት በሥራ ጃኬቴ ነው፤ ልብስ ስንለካ የምንሰካውን ሁሉ ተሸክሜው ሄጃለሁ።

«እናቴ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነዋ!» አልኳት።

ሳቋ አመለጣት። ግን ነቃቅላ ስትጨርስ «ይመለሱና እንደገና ይሰለፉ» አለችኝ። ቬሎዬን ታቅፌ ከጭራው ጀመርኩ። ሙሽራዋ እየጠበቀችኝ ምን አባቴ ላድርግ? አውሮፕላኑ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

የምጽፍልሽ ፖስት ካርድ ጠበበኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ የስፌት መኪናዬንም ዘይት እንዳትነፍጊያት። በሚቀጥለው ወር ወደ ልጅሽ ስትበሪ ሰልፉን አትፍሪው፣ ያልቃል። ብቻ እስቲ አሁን፣ እዚያው እንደቆምሽ፣ ኮሌታሽን ዳሰስ አድርጊ።

አላልኩሽም?