ዳገት ላይ የተተከለው ወፍጮ

ለውዴ ታደሰ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የምጽፍልህ ከነቀምቴው ቤታችን አይደለም። ቤቱ ተሸጧል። ከሰው ከምትሰማው ብዬ መጀመሪያውኑ ነገርኩህ። አሁን ያለሁት ጉቴ ነው፤ ልጃችን ብሩክ ቤቱን ሸጦ ከተከለው ወፍጮ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ።

ወፍጮው አዲስ ነው። አስፋልቱ ዳር ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የሚያስፈጭበት ሰው ብቻ የለም። ዝናብ ሲጥል ሚኒባስ የሚጠብቀው መንገደኛ ሁሉ በረንዳችን ላይ ይጠለላል። ብሩክ መጀመሪያ ሰሞን ገበያ የመጣ እየመሰለው እስከ በር ይወጣ ነበር። አሁን ቀና ብሎም አያይም።

አንተ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር። ሰፈሩ "ጠይቄ ልምጣ" የሚል ስም ያወጣልህ በከንቱ አልነበረም። እኔን ለማግባት እንኳ ጎረቤቱን ሁሉ ስትጠይቅ ስትጠይቅ፣ እናቴ ሰውየው በሬ ነው እንዴ የሚገዛው ብላ ተቆጥታ ነበር። ያን ጊዜ ተናድጄብሃለሁ። ኋላ ግን ስንቱን ዓመት ሳቅንበት።

ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ዳቦ ቤት እንክፈት የተባለ ጊዜስ ትዝ ይልሃል? በግንቦት ቦታው ሰው በሰው ነበር። አንተ ግን ክረምቱን ሳላይ አልገባበትም ብለህ፣ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት እየሄድህ ተቀመጥህ። ተማሪው ለእረፍት ሲበተን መንገዱ ጭር አለ፤ ተውከው። ሰው ፈሪ አለህ። ሌላው ተሽቀዳድሞ ከፈተው፣ ዓመት ሳይሞላው ዘጋው። አንተ አልሳቅህበትም፤ አዘንህለት እንጂ።

ብሩክ ወፍጮ ሲለኝ እኔም እንዳንተ ጠየቅሁት፤ ማን ያስፈጫል፣ እስከ ዛሬስ የት ነበር የሚያስፈጩት አልኩት። አባባ እየጠየቀ አረጀ አለኝ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ካንተ በኋላ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ አንገብግቦት ነው። ጉቴ የበቆሎ አገር ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው፣ መብራቱ ደጃፍ ላይ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠናል አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን የምንለቅመውም የለን።

ባለፈው የገበያ ቀን ከዳገቱ ወደ ታች ወረድሁ። ገበያው ታች ነው፣ ከገጠር የሚመጣው መንገድም በዚያ ይገባል፣ አሮጌው ወፍጮም እዚያው ነው። እንዳንተ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሴቶቹ እህላቸውን ወፍጮው ደጅ ያራግፋሉ፣ ገበያቸውን ይገበያያሉ፣ ዱቄታቸውን ይዘው በመጡበት ይመለሳሉ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ላይኛውን ወፍጮ ለምን እንደማትሞክር ጠየቅኋት። እንደ እናቷ ሃርሜ ብላ ጠርታኝ፣ ልጅ አዝዬ በቆሎ ተሸክሜ ያን ዳገት የምወጣው ምን አጥቼ ነው አለችኝ፤ በለሰለሰ ኦሮምኛ፣ ላለማስቀየም ተጠንቅቃ።

አንድ ጠዋት ብቻ ነው የፈጀብኝ። ቤታችንን ያድን የነበረው መልስ እዚያው ታች ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የኔ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

አሁን ደግሞ ብሩክ ወፍጮውን ከነቤቱ በርካሽ ሸጦ፣ ነቀምቴ ገብቶ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ከተማው ስንት ባጃጅ እንደሚችል፣ ቤንዚን ስንት ሰዓት እንደሚያሰልፍ አልጠየቀም። ሰው ሁሉ እየሠራበት አይደል ወይ ይላል። ገዢው ቀብድ ሰጥቷል። ይህቺ ክፍልም ከወፍጮው ጋር ትሄዳለች። ከዚህ በኋላ የሚሸጥ የለንም ታዴ፤ ተስፋዬ አልቋል።

ነገ ነቀምቴ ሄጄ ባጃጆቹ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ እቀመጣለሁ። ልጅህ ይሰማኛል ብዬ አይደለም። ዘንድሮ ሙት ዓመትህን የማወጣበት ስለሌለኝ፣ የማስብህ በዚህ ነው፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ። ወደ አንተ እስክመጣ ድረስም እንዲሁ አደርጋለሁ። ያየሁትን የሚሰማኝ ቢጠፋ ላንተ እነግርሃለሁ።

ባለቤትህ