ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ አንድ ክፍለ ጊዜ

ነቀምቴ፣ ግንቦት ፴ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለእጮኛዬ ለጨመዳ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወባው ተሻለህ? ሰውን ሁሉ የምታክም ድሬሰር ሆነህ የራስህ ትኩሳት አልወርድ ማለቱ አሳዝኖኛል። በቃል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። እንዴት እንደደረሰኝ ልንገርህ።

ሠርጋችንን ከፋሲካ ወደ መስቀል ስታሻግረው መንገዱ ጭቃ ነው አልከኝ። በአውሮፕላን ና ስልህ ደግሞ «በየከተማው እያረፈ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ በሽተኞቼን ጥዬ አልመጣም» ብለህ ጻፍክ። የጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔን ረሳኸው? ክፍል ውስጥ ባለው ካርታ ላይ ክር ዘርግቼ ለካሁት፤ ቢበዛ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ትናንት ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ደርሶ መልስ ቲኬት ቆረጥኩ። ሻንጣዬን ብቻ ሳይሆን እኔንም እንደ ቡና ጆንያ ሚዛን ላይ አቁመው መዘኑኝ። ተነሣን። አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ጠመኔዬን እስካስቀምጥ በሚፈጅብኝ ጊዜ ውስጥ ደምቢ ዶሎ ደረስን።

በመስኮት አየሁህ። ያካፋ ነበር። አንዲት ቀጭን ሴት ጥላ ይዛልሃለች። የለበሰችው ነጠላ እኔ ለእናትህ ብዬ ጫፉን በቀይ ክር የጠለፍኩት ነው። ታምራለች፣ አልክድም። ያቃጠለኝም እሱ ነው።

አስተናጋጁ «አትወርጂም?» አለኝ። «በዚሁ እመለሳለሁ» አልኩና ፊቴን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። አጠገቤ ቡና ነጋዴው ኦቦ ሞረዳ ተሳፍረው ተቀመጡ። አንተ መሰላሉ ድረስ መጣህ።

«ኦቦ ሞረዳ! ነቀምቴ ላለችው እጮኛዬ ለቀለሟ፣ ወባ ጥሎታል፣ ከአልጋ አልተነሣም በሉልኝ!»

«ይኸው ቆመህ የለም እንዴ?»

«እርስዎ በሉልኝ ብቻ!»

ሳቅክ። እሷም ሳቀች። በሩ ተዘጋ። ኦቦ ሞረዳ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀለሟ የምትባል አስተማሪ ታውቂያለሽ?»

«አውቃታለሁ። እኔ አደርስላታለሁ።»

«ተባረኪ! በዚህ ዕድሜዬ ለሰው ፍቅር ልዋሽ እንዴ?» አሉና አቀርቅረው አንቀላፉ። እኔ እስከ ነቀምቴ ደመናውን አየሁ።

ይኸው አድርሻለሁ። አሁን መልሴን ስማ። ሽማግሌ ልከህ በአባቴ ፊት ጠይቀኸኛል፤ የምትተወኝም በአባቴ ፊት ቆመህ ነው። በሰው አፍ ተልኮብኝ የምቀር ሴት አይደለሁም። ይህ ደብዳቤ ማክሰኞ በሚበረው አውሮፕላን ይደርስሃል፤ ሐሙስ ወደዚህ የሚመጣ አለ። ርቀቱን ለክቼልሃለሁና ምክንያት የለህም። ነጠላውን ከትከሻዋ አውርደህ ለእናትህ ስጥ።

ሐሙስ የሚግጡትን ከብቶች ከአውሮፕላን ሜዳው ሲያባርሩ እኔም እዚያ እቆማለሁ። አንተን ልጠብቅ አይደለም። አውሮፕላን ሲያርፍ ማየት ወድጃለሁ።

እግዚአብሔር ከወባህ ይማርህ፤ ዝናቡም አይምታህ።

ቀለሟ ፉፋ